ይሄ ሙዚቃ ይደነሳል ወይ? ስለ ባላንቺን «አጎን» የተጧጧፈው ክር

ኢንተርኔት ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ልጅ በትሕትና አልጀመረም። «አጎን» የሚባለውን ባሌት ማታ በስልኩ አይቶ፣ ንዴቱ ሳይበርድለት ጻፈ። ቅሬታው ሦስት ነው። ሙዚቃው ዜማ የለውም። ዳንሰኞቹ ጂም የገቡ እንጂ መድረክ የወጡ አይመስሉም። ዋናው ደግሞ፣ ኮሪዮግራፈሩ፣ ማለትም ዳንሱን የሚያቀናብረው ጆርጅ ባላንቺን፣ የሙዚቃ ደራሲውን የኢጎር ስትራቪንስኪን ያለቀ ሙዚቃ ከፍቶ እርምጃዎቹን እንደመጣለት ደርድሮበታል የሚል ነው። ከዚያ ጥያቄ አስከተለ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ የሚቀድመው ሙዚቃው ነው ወይስ ዳንሱ? ኮሪዮግራፈሩና የሙዚቃ ደራሲው ቁጭ ብለው ምንድን ነው የሚያደርጉት? የሚያውቅ ካለ እንዲያስረዳው ጠይቆ ዘጋ።

እኔ በዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንባቢ ነኝ። የዚህን ክር መልሶች ግን በተራቸው ልተርክላችሁ ወደድኩ። ልጁ የጠየቃት ጥያቄ ጥሩ ናት። መልሶቹም፣ መሃል ላይ ቢጋጋሉም፣ ፍሬ አላቸው። እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምለው ለምን እንደሆነ 2ኛው መልስ ላይ ታያላችሁ።

1ኛ መልስ። የጻፈው ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ ልጁን ወንድሜ ብሎ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ብሎ ማየቱን አደነቀ። ከዚያ መሠረታዊውን ነገር ዘረዘረ። «አጎን» ለሕዝብ የቀረበው ዲሴምበር 1 ቀን 1957 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሲቲ ሴንተር በሚባለው ቴአትር ነው። ያቀረበው የኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ነው። ዳንሰኞቹ 12 ናቸው፤ 8 ሴቶችና 4 ወንዶች። ስሙ በግሪክ ውድድር ማለት ነው። ታሪክ ግን የለውም። የተረገመች ልዕልት የለችም፣ የሚያድናት መስፍንም የለም። ሰውየው በጨዋ አንደበት ልጁን ያረመው አንድ ነገር ላይ ነው። ባላንቺንና ስትራቪንስኪ የተገናኙት በዚህ ሥራ አይደለም። በ1928 ፓሪስ ውስጥ በስትራቪንስኪ ሙዚቃ «አፖሎ»ን ሲሠራ ባላንቺን ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ወደ «አጎን» ሲደርሱ አብረው መሥራት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው። የባላንቺን አባት የሙዚቃ ደራሲ ናቸው። እሱም በልጅነቱ ፔትሮግራድ ኮንሰርቫቶሪ ገብቶ ፒያኖና የሙዚቃ ቲዎሪ ተምሯል። የኦርኬስትራ ኖታ ከፍቶ ማንበብ የሚችል ኮሪዮግራፈር ሙዚቃ ላይ እርምጃ እንደመጣለት አይደረድርም፤ የሰውየው ነጥብ ይህች ነበረች።

2ኛ እና 3ኛ መልስ። አንዱ 1957ን በኛ አቆጣጠር ወስዶት፣ ያኔማ ሮክ ኤንድ ሮሉ ሁሉ ነበር፣ ምኑ አዲስ ሆነ ሲል ገባ። ሌላዋ ቀኑን አስልታ አመጣችለት። በኛ ኅዳር 22 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው፣ እሁድ ዕለት። እግረ መንገዷንም ያኔ የአዲስ አበባው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመቱ እንደነበር ጨመረች። ሰውየው አመስግኖ ጠፋ።

4ኛ መልስ። ረጅሙና፣ ለኔ፣ ክሩን ክር ያደረገው ይሄ ነው። የጻፈችው አውሮፓ ውስጥ ፒያኖ የምታስተምር ሴት ናት። በቀጥታ የልጁን ጥያቄ ይዛ ገባች። ሙዚቃው ነው ዳንሱ የሚቀድመው? መልሷ፣ ሁለቱንም ሰዓት ቀደማቸው የሚል ነው። የባሌት ቡድኑን ከባላንቺን ጋር የመሠረተው ሊንከን ከርስቲን ለስትራቪንስኪ የድሮ የዳንስ መማሪያ መጽሐፍ ላከለት። ደራሲው ፍራንሷ ደ ሎዝ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው በ1623። ስትራቪንስኪ ከዚያ ውስጥ የዳንስ ዓይነቶችን መረጠ፤ ሳራባንድ፣ ጋያርድ፣ ብራንል። በ1954 በጋ ላይ ባላንቺን ሎስ አንጀለስ፣ ስትራቪንስኪ ቤት ሄደ። ሁለቱ ተቀምጠው የባሌቱን አጥንት ሠሩ። ሦስት ሰው የሚደንስበት ክፍል እዚህ፣ ሁለት ሰው የሚደንስበት እዚያ፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚገባበት መጨረሻ ላይ። እያንዳንዱ ክፍል ስንት ደቂቃ ከስንት ሰከንድ እንደሚፈጅም ተነጋገሩ። ልብ በሉ፣ ያኔ አብዛኛው ሙዚቃ ገና አልተጻፈም። እርምጃውም የለም። ያለው የጊዜ ልክ ብቻ ነው።

ሴትየዋ እዚህ ላይ አላቆመችም። ስትራቪንስኪ መጻፍ የጀመረው በ1953 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ሌሎች ሥራዎች ጣልቃ ገቡና አቆየው። የጨረሰው በአፕሪል 1957 ነው። በመሃሉ ሰውየው ተለውጧል። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ባለ 12 ድምፁን የአጻጻፍ ስልት፣ ማለትም አሥራ ሁለቱን ድምፆች እኩል አድርጎ በተወሰነ ተራ የሚያሰልፈውን፣ ማጥናት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ የባሌቱ መጀመሪያ አካባቢ ያለው ሙዚቃ ጆሮ የለመደው ዓይነት ሲሆን፣ እየገፋ ሲሄድ መሬቱ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። ልጁ ዜማ የለውም ያለው፣ እንደሷ አነጋገር፣ መሃል ላይ ቪዲዮውን ስለከፈተው ሳይሆን አይቀርም። ይህቺን ስታነሳ ትንሽ መርፌ ነበረባት።

5ኛ መልስ። እሷን በማክበር አንድ እርማት አመጣ። ደ ሎዝ መጽሐፉ ውስጥ የጻፈው ስለ አቋምና ስለ እርምጃ ነው፤ ስትራቪንስኪ ከዚያ የወሰደው የዳንሶቹን ስምና ጠባይ እንጂ ዜማ አይደለም። መድረኩ ላይ የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ዳንስ የሚጠብቅ ሰው እንዳይኖር ሰጋ። ባላንቺንም የቤተ መንግሥቱን አጎንባሽ ሰላምታ ጨረፍ አድርጎ ያሳያል እንጂ አይደግመውም። ፒያኖ አስተማሪዋ እርማቱን ወዲያው ተቀበለች።

6ኛ መልስ። ባለጥያቄው ራሱ ተመለሰ፤ አልተዋጠለትም። በሰዓት ተለክቶ የተሠራ ነገር እንዴት ይደነሳል? ሰው ሲደንስ ስሜቱን ተከትሎ ነው እንጂ ሰከንድ እየቆጠረ ነው እንዴ? ደግሞም ይሄን ሁሉ ስሌት ተመልካቹ አያየውም። ስለዚህ ለማን ነው የተለካው?

7ኛ መልስ። እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ሰው ብቅ አለ። በወጣትነቱ አውሮፓ ውስጥ በአንድ ትንሽ የዳንስ ቡድን ውስጥ የሠራ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቡድኑን በስም አልጠራውም፣ እኔም አልጠይቅም። የሠሩት «አጎን»ን ሳይሆን የሌላ ደራሲ አዲስ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ነበር፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። ሙዚቃው በአራት አይሄድም። አንዱ መስመር አምስት ምት አለው፣ ቀጥሎ ሰባት፣ ቀጥሎ ሦስት። ስለዚህ እያንዳንዱ ዳንሰኛ የራሱን ቁጥር ይዞ ይገባል። እሱ በስድስት ሲቆጥር አጠገቡ ያለችው በአምስት ትቆጥራለች፤ በመሃል አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ እንደገና ይለያያሉ። ቁጥሩን በእስክሪፕቶ መዳፉ ላይ ጽፎ፣ መጋረጃው ጥግ ቆሞ ሲያጠና ላቡ ቀለሙን አጥቦ ወሰደበት። መድረክ የገባው ባዶ መዳፍ ይዞ ነው። ሌላ ፈተናም ነበር። ሲለማመዱ ሙዚቃውን የሚያጫውተው በፒያኖ አንድ ሰው ነው፤ ኦርኬስትራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በፒያኖ ጥርት ብሎ የሚሰማው ምት ኦርኬስትራው ውስጥ ከሕዝብ መሃል እንደጠፋ ልጅ ይሆናል። ትሮምቦኑ ይሸፍነዋል። የኦርኬስትራው መሪም በዚያ ምሽት ቸኩሎ ከሆነ፣ አለቀ።

ለልጁም መልስ ነበረው። ቁጥሩ ስሜትን አያባርርም። ቁጥሩ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ አእምሮ ነፃ ይወጣል፤ ያኔ ነው አጠገብህ ያለውን ሰው የምታየው። ከዚህ መልስ በኋላ ክሩ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ነው የሚሉት።

8ኛ መልስ። ፒያኖ አስተማሪዋ የጋሼን ታሪክ ተከትላ ሁለት ምሳሌ ከራሱ ከ«አጎን» አመጣች። እነዚህን ሁለቱን ቪዲዮ ከፍቼ አረጋግጫቸዋለሁ፣ እናንተም እንድታዩዋቸው እመክራለሁ። አንደኛው ሁለት ወንዶች የሚደንሱት ብራንል ነው። ሙዚቃው ላይ ሁለት ትራምፔቶች አሉ። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ያንኑ ነገር ከኋላ ተከትሎ ይደግማል። መድረኩ ላይም አንዱ ወንድ ይጀምራል፣ ሌላው ያንኑ እርምጃ ተከትሎ ይሠራል። ዓይንህ ትራምፔቱን ያያል፣ ጆሮህ እግሩን ይሰማል። ሁለተኛው አንዲት ሴት ብቻዋን የምትደንስበት ነው፤ መጀመሪያ የደነሰችው ሜሊሳ ሄይደን ናት። ካስታኔቱ፣ ያ እጅ ውስጥ ተይዞ የሚንቋቋው ትንሽ መሣሪያ፣ በሦስት ምት አንድ ነገር ሳይለውጥ ይመታል። ከላይ ያለው ኦርኬስትራ ግን ልኩን ይቀያይራል፤ ያጥርና ይረዝማል። ሴትየዋ አንዴ ከካስታኔቱ ጋር ናት፣ አንዴ ከፍሉቶቹ ጋር። ባለጥያቄው ተመልካቹ አያየውም ያለው ስሌት ይህ ነው፤ እሷ እንደምትለው አይቶታል፣ ስሙን ግን አላወቀውም።

ሳራባንዱ ላይ ስላለው ቫዮሊን፣ ዛይሎፎንና ትሮምቦንም አንድ አንቀጽ ጽፋለች። አልፌዋለሁ፤ ኖታ ለሚያነብ ሰው የሚሆን ነው።

9ኛ እና 10ኛ መልስ። ነገሩ የሞቀው እዚህ ነው። አንዱ ገብቶ፣ ይሄ ሁሉ የጠገበ ሰው ጨዋታ እንደሆነ፣ እስክስታ እያለልን የነጭ ሒሳብ ምን እንደሚያደርግልን ጠየቀ። የሚቀጥለው ደግሞ ስድቡን በስድብ መለሰለት። እስክስታም ቢሆን ትከሻው ከከበሮው ጋር የሚነጋገርበት የራሱ ቁጥር እንዳለው ማንም የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ሰውየው ግን ይህን ከማለት ይልቅ የ9ኛውን ሰው ትምህርት መጠየቅ መረጠ። አድሚኑ ሁለት ዓረፍተ ነገር አጠፋ፣ የቀረውን ተወው። ደግ አደረገ።

11ኛ መልስ። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ነው። እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር ገረመው። ስለ ሰከንድና ስለ ካስታኔት ይሄን ያህል ሲወራ፣ የባሌቱ እምብርት የሆነው የሁለት ሰው ዳንስ፣ ፓ ደ ዱው፣ አልተጠቀሰም። የደነሱት ዳያና አዳምስና አርተር ሚቸል ናቸው። እሷ ነጭ፣ እሱ ጥቁር። ዓመቱ 1957። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አርካንሳስ፣ ሊትል ሮክ ውስጥ 9 ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር ተሰልፎባቸዋል፤ በኋላ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሌላ ጦር ልኮ ነው ያስገባቸው። ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ ሲቲ ሴንተር ላይ በኒውዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር፣ ሃርለም፣ ያደገ ጥቁር ወጣት የነጭ ሴት እግር ይዞ ያዞራል። ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሳለ እሷ በአንድ እግሯ ጣት ጫፍ ቆማ እጁን ተደግፋለች። እግሯ ከኋላ መጥቶ ይጠመጠምበታል። ይህን ሳያነሱ ስለ «አጎን» ማውራት፣ እንደ ሰውየው፣ ሠርጉን ተርኮ ሙሽሮቹን መርሳት ነው።

ልክ ነው። እኔ ራሴ ቪዲዮውን ስከፍት ሁልጊዜ የምፈልገው ያንን ክፍል ነው።

12ኛ መልስ። አንድ ሰው ቀዝቀዝ አድርጎ ተቃወመ። ባላንቺን የፖለቲካ ሰው አልነበረም። ሚቸልን ቡድኑ ውስጥ ያስገባው በ1955 ነው፣ ጎበዝ ስለነበረ። እዚህም የመረጠው ለዓይን ሲል ነው፤ የቆዳው ጥቁረትና የሷ ንጣት መድረኩ ላይ ስዕል ይሠራል። ሚቸልም ራሱ በኋላ ሲናገር የቆዳቸው ቀለም የኮሪዮግራፊው አካል እንደነበረ ገልጿል። ስለዚህ ዳንስን ሁሉ የዘር ጉዳይ ማድረግ አያስፈልግም ሲል ደመደመ።

13ኛ መልስ። ይሄኛው ስለታም ነው። አንዲት ሴት በአጭሩ፣ በዚያ ዓመት በዚያ አገር ሁለት ቆዳ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስዕል ብቻ ነው ማለት የሚችለው በዚያ አገር በጥቁር ቆዳ ያልኖረ ሰው ብቻ ነው አለችው። ባላንቺን ከሩሲያ የመጣ፣ ጆርጂያዊ ደም ያለው ስደተኛ ነው፤ የት እንዳለ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ቡድኑ ውስጥ ሌሎች ጥሩ ወንዶች ነበሩ፤ የመረጠው ግን እሱን ነው። ላለመናገር መምረጥና ለማሳየት መምረጥ አንድ አይደሉም።

14ኛ እና 15ኛ መልስ። 12ኛው ሰው ተቆጥቶ ተመለሰ፤ ሳያውቁት ስለ ቆዳው እንዳይናገሩ አሳሰበ። 13ኛዋ ደግሞ የተናገረችው ስለ ሐሳቡ እንጂ ስለ እሱ እንዳልሆነ ጻፈች። ዋሽንግተን ያለው ሰው መሃል ገብቶ አንድ ነገር ጨመረ፤ ለኔ ክርክሩን የሚያስታርቅ ባይሆንም የሚያጠራው ይህ ነው። ሚቸል ያንን ክፍል በዓለም መድረኮች ላይ ከነጭ ዳንሰኞች ጋር ሲደንስ፣ የአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን ለዓመታት አላሳየውም። የደቡብ ጣቢያዎች አንቀበልም ብለው ነበር። ባላንቺን ፖለቲካ አስቦም ሆነ ስዕል፣ ጣቢያዎቹ ያዩት ፖለቲካ ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ። ታረቁ አልልም።

16ኛ መልስ። ወደ አሠራሩ የመለሰችን ፒያኖ አስተማሪዋ ናት። ባላንቺን ፈጣን ሠራተኛ ነበር፤ ልምምድ ክፍል ገብቶ፣ ዳንሰኞቹን አቁሞ፣ እዚያው በቆሙበት ይፈጥራል። ይሄ የሁለት ሰው ክፍል ግን ከሌሎቹ ይልቅ ጊዜ ወስዶበታል። ሙዚቃው እዚህ ላይ ቀስ ይላል፤ ባብዛኛው የገመድ መሣሪያዎች ናቸው፣ በመሃል ዝምታ አለ። በዝምታ ላይ መቁጠር ደግሞ ከጩኸት ላይ ይከብዳል። ኖቬምበር ላይ ስትራቪንስኪ ራሱ ኒውዮርክ መጥቶ ልምምዱን አየ። ማርታ ስዎፕ ያነሳቻቸው ፎቶዎች አሉ፤ ሸበቶው አጭር ሰውዬ ከባላንቺን ጋር ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ምት ያሳያል። ያኔ 75 ዓመቱ ነው። ባሌቱ ከመታየቱ በፊት ሙዚቃው ብቻውን በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተጫውቷል፤ መሪው ሮበርት ክራፍት ነበር።

17ኛ መልስ። ጋሼ አንድ የሚያሳዝን ነገር አነሳ። የባላንቺን ሚስት ታናኪል ለ ክለርክ የቡድኑ ኮከብ ነበረች። በ1956 ቡድኑ ኮፐንሃገን ሳለ ፖሊዮ ያዛት። እንደገና አልቆመችም። ባላንቺን ሥራውን ትቶ አንድ ዓመት ያህል አስታመማት፤ የሞተ እግሯን በእጁ እያነሳና እያጠፈ ያንቀሳቅስላት ነበር። «አጎን» ከዚያ ሲመለስ የሠራው ነው። ጋሼ የሁለቱን ሰዎች ዳንስ ሲያይ፣ ወንዱ የሴቲቱን እግር አንስቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ፣ ያ የሕመም ክፍል ይታየዋል።

18ኛ መልስ። አንዱ ጥሩ አድርጎ አስጠነቀቀ። ባላንቺን እንዲህ ነው ያሰብኩት ብሎ አልተናገረም፤ የኛን እንባ ለሱ እንዳንሰጠው። ጋሼም ያየውን እንጂ የባላንቺንን ልብ እንዳልተረከ መለሰ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ ግን ይህን ከሰማሁ ወዲህ ያንን ክፍል ሌላ አድርጌ ማየት አልቻልኩም።

19ኛ እና 20ኛ መልስ። ክሩ ከዚህ በኋላ ወጣ ገባ አለ። አንዱ አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሃርለም ሄደው የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን እንደጎበኙ አስታውሶ፣ ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው አርተር ሚቸል ሳያያቸው አይቀርም ሲል ገመተ። የሚቀጥለው ሳቀበት። ጉብኝቱ እውነት ነው፣ ሚቸልም የሃርለም ልጅ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ወሬ ግን የለም። ይልቅ ሃርለምን ካነሳን፣ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ በኋላ ሚቸል ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ልጆች ማስተማር መጀመሩን፣ በ1969 ከካረል ሹክ ጋር የሃርለም ዳንስ ቴአትርን መመሥረቱን ጻፈ። የቡድኑ ዳንሰኞች በኋላ ራሱን «አጎን»ን ደንሰውታል። በዚያን ጊዜ መድረኩ ላይ ሁሉም ጥቁር ነው፤ የባሌቱ ቁጥር ግን ያው ነው።

21ኛ መልስ። አዲስ አበባ ያለች ሴት ስለኛ ከተነሳ ብላ አዱኛን አስታወሰች። በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ላይ ዳንስ ሠራ። የአዱኛ የዳንስ ቡድን የበቀለው ከዚያ ነው። በዚያን ሰሞን ልምምዱን በሩቅ ያየች ናት። ለነዚያ ልጆች የሙዚቃውን ታሪክ ማንም አላስተማራቸውም፤ ቁጥሩን ግን ከአዋቂ ቀድመው ያዙት። ይህንን የጻፈችው በቀጥታ ለ9ኛው ሰው ነው፤ ስሙን ግን አልጠራችም። እሱም አልመለሰም።

22ኛ መልስ። የጂሙ ነገር እስካሁን መልስ አላገኘም ነበር፤ አንዱ አነሳው። ሴቶቹ ጥቁር ሊዮታርድ (ገላ ላይ የሚጣበቅ የልምምድ ልብስ) እና ነጭ ታይት፣ ወንዶቹ ነጭ ቲሸርትና ጥቁር ታይት ለብሰዋል። ይሄ የልምምድ ልብስ ነው። ባላንቺን ሆን ብሎ ነው። በ1946 በፖል ሂንደሚት ሙዚቃ የሠራው «ዘ ፎር ቴምፐራመንትስ» መጀመሪያ ሲታይ ኩርት ሴሊግማን የሚባል ሰዓሊ የነደፈው ከባድ ልብስ ነበረው። ልብሱ ዳንሰኞቹን ጠቅልሎ ዋጣቸው፤ እርምጃው አይታይም። በ1951 ባላንቺን ልብሱን ጥሎ በልምምድ ልብስ አስደነሳቸው፤ ባሌቱ ያኔ ታየ። ስለዚህ ባለጥያቄው ጂም መስሎት የሸሸው ነገር ትራምፔቱንና ክርኑን አንድ ላይ እንዲያይ የተከፈተለት መስኮት ነው።

23ኛ መልስ። ሌላው ገንዘብም ቆጥቧል ብሎ ቀለደ። ማንም አልተቃወመውም።

24ኛ መልስ። ጋሼ በ1962 ቡድኑ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲሄድ «አጎን»ን ሞስኮ ላይ እንዳሳየ ጻፈ። ሚቸል እዚያም ደነሰ፤ አጋሩ አሌግራ ኬንት ነበረች። ባላንቺን በ1924 አገሩን ከለቀቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰው ያኔ ነው። ስትራቪንስኪም በዚያው ሰሞን ከ48 ዓመት በኋላ ሩሲያ ገብቶ ነበር። ባለ 12 ድምፅ ሙዚቃ እዚያ አገር በሚወገዝበት ዘመን ነው ይህ። የሞስኮ ተመልካች ግን አጨበጨበ።

25ኛ መልስ። ባለጥያቄው ተመለሰ። ሙሉውን ከመጀመሪያው፣ በጆሮ ማዳመጫ አይቶታል። ትራምፔቶቹን አልወደደም፤ አሁንም ዜማ የለም ባይ ነው። የሁለቱን ሰዎች ክፍል ግን ደጋግሞ አይቶታል። አራቱ ወንዶች መጀመሪያ ላይ ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው ቆመው መጨረሻም ላይ እዚያው እንደሚመለሱ ያስተዋለው እሱ ነው፤ ከኛ ውስጥ ማንም አላነሳውም ነበር። ጋሼን ይቅርታ ጠይቆ፣ ቀጥሎ ምን ልይ አለ።

26ኛ እና 27ኛ መልስ። እዚህ ላይ እንደገና ተለያዩ። 5ኛው ሰው ወደ ኋላ ሄዶ «አፖሎ»ን እንዲያይ መከረ፤ በገመድ መሣሪያ ብቻ የተጻፈ ነው፣ ዜማም አይጠፋበትም። ፒያኖ አስተማሪዋ ወደፊት ሄዶ የ1972ቱን የስትራቪንስኪ ፌስቲቫል ሥራዎች እንዲጀምር ፈለገች። ስትራቪንስኪ በሞተ በዓመቱ ባላንቺን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ትልልቅ አዲስ ባሌቶች አሳይቷል፤ አንዱ በቫዮሊን ኮንቼርቶው ላይ፣ ሌላው በ«ሲምፎኒ ኢን ስሪ ሙቭመንትስ» ላይ። እኔ ከአፖሎው ጋር ነኝ። ዜማ የሚፈልግ ሰው ዜማ ይሰጠው፤ ስለ ሲምፎኒው ሌላ ክር ይከፈታል።

28ኛ መልስ። አድሚኑ የኮፒራይት ችግር ያለበትን ሊንክ አነሳ፤ ከኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ራሱ የተለቀቀ ቁራጭ ያለው ሰው ካለም እንዲያስቀምጥ ጠየቀ። 12ኛው ሰው አስቀመጠው። 13ኛዋ ላይክ አደረገችለት።